ትንሿ ዜድ

ጎባ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ነበረ። ያ አንድ ሰው ራሱ ነው። ስሙ መሳይ ይባላል። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማረን እሱ ነው፤ ማስተማር ከተባለ። ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ የክፍሉን መስኮት በሚደፍንበት ጠዋት፣ እኛ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበን ስንንቀጠቀጥ፣ እሱ ክራቫቱ እንዳይሸፈንበት የኮቱን ቁልፍ ከፍቶ ይገባል። አፍንጫው በብርድ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ጉድ ሞርኒንግ» ይለናል።

«ቲቸር» ብለን ብንጠራው አይሰማም። «ቲቸር መሳይ» ሲባል ብቻ ነው የሚዞረው። ሰው ስሙን ቢወድ ነውር የለበትም። ነውሩ የሌላውን ስም ሲንቅ ነው።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ የገጠር ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮሚኛ ተምረው ዘጠነኛ ሲገቡ ሁሉ ነገር በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ባዮሎጂው እንግሊዝኛ፣ ታሪኩ እንግሊዝኛ። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ይገባል፣ ባይነበብም። እኔም ብሆን ግራ ገብቶኛል። ከሪራ፣ ከሃረና ጫካ የመጡትማ አይጣል ነበር።

የቲቸር መሳይ ትልቁ እውቀት ካፒታል ሌተር ነው። ሌላውን የሰዋስው ክፍል እየዘለለ ያልፈዋል፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይለወጣል። በተለይ አንዷን ሕግ ይወዳታል። «'እኔ' የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መጀመሪያም ይግባ መሐልም ይግባ ሁልጊዜ በትልቁ ነው የሚጻፈው» ይልና በጠመኔው ደረቱን ይነካል። «'አንተ' የሚለው ግን መሐል ላይ ከገባ ትንሽ ነው። ለምን ይመስላችኋል?»

መልስ አይጠብቅም።

«ፈረንጅ ራሱን ያከብራላ! ለዚህ ነው አገሩ የለማው!»

እኔ ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ ይለኛል። አባቴ በራችን ላይ ቆሞ ለሚለምን ሽማግሌ «ይግቡ፣ እርስዎ» የሚል ሰው ነው። በቲቸር መሳይ ስሌት አገራችንን ወደኋላ ያስቀረው አባቴ ነው ማለት ነው።

ሕጉን ማስተማር ብቻ ቢሆን ማንም ባልተቀየመው። እሱ ግን ቅጣት አደረገው። ፈተና ባረመ ቁጥር የስም ዝርዝር ከነውጤቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ያለፈ ተማሪ ስሙ በካፒታል ይጀመራል። የወደቀ ተማሪ ስሙ በስሞል ሌተር ይጻፋል፣ የአባቱም ስም አብሮ። «ካፒታል ሌተር በልፋት ነው የሚገኘው፤ በነፃ የሚታደል ስንዴ አይደለም» ይላል። ይህን ሲል የሚያየው ወደ ኋላ ወንበሮች ነው፤ የገጠሮቹ ልጆች ወደተቀመጡበት። ቀልዱ ግቢው ውስጥ ገባ። የወደቁትን ልጆች ስማቸውን መጥራት ቀረና «ስሞል» ይሏቸው ጀመር። «አንተ ስሞል፣ ኳሷን አምጣ!»

ለዳይሬክተሩ ለአቶ ነገሪ ሄዶ የነገረ ነበር አሉ። አቶ ነገሪ «አዲስ የማበረታቻ ዘዴ ነው» አለ። እንዲያውም በመምህራን ግምገማ ላይ እንደ ተሞክሮ ቀርቦ ተጨበጨበለት ሲሉ ሰምተናል። ያኔ ግምገማ ላይ የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም፤ ካጨበጨቡ ቶሎ ወደ ቤት ይኬዳል።

ዙሀይራ ከእኔ አጠገብ የምትቀመጥ የሪራ ልጅ ነበረች። አባቷ ጋሽ ዘይነዲን ከብት ያረባል፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ አለው። እሷ ከአገሯ ልጆች ጋር ጎባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቀጭን ነች፤ ሂጃቧን ሁልጊዜ ከጆሮዋ ኋላ ትጠቀጥቀዋለች፤ በደንብ ለመስማት ነው። ብዙ አታወራም፤ ካወራች ግን ዓይንህ ውስጥ እያየች ነው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ወደቀች። የሚገርም አልነበረም፤ ጥያቄው ምን እንደሚል እንኳ ገና እየለመደች ነበር።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ከሁሉም ስም የእሷ አስቂኝ ሆነ። ዜድ የሚባለው ፊደል ትልቁም ትንሹም መልኩ አንድ ነው፤ የሚለያየው በቁመት ብቻ ነው። ቲቸር መሳይ ደግሞ ትንሽ መሆኑ እንዳይጠፋብን ብሎ ዜዷን የጉንዳን እግር አሳክሎ ጻፋት። ልጆቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው «የታለች? የታለች?» እያሉ ሳቁ። ዙሀይራ ቆማ አየችው። ወደ ወንበሯ ተመልሳ የባዮሎጂ ደብተሯን ገለጠች።

ከዚያ በኋላ አንድ ፈተና መጣ፤ ስለ ካፒታል ሌተር ብቻ። ዓረፍተ ነገሮቹ በሙሉ በትንንሽ ፊደል ተጽፈው ተሰጡን፣ እናንተ አስተካክሉ ተባልን። እኔ ሰኞን በትንሽ ፊደል ተውኩት፤ «እናቴ» የሚለውን ደግሞ እናት ትልቅ ናት ብዬ በካፒታል ጀመርኩት። ወረቀቱ ሲመለስ ዙሀይራ አንድም አልሳተችም።

ቲቸር መሳይ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ፣ የሞተ አይጥ የያዘ ይመስል።

«ከማን ነው የቀዳሽው?»

«ከማንም።»

«ከልደት ነው።»

ልደት እኔ ነኝ። ሳልወድ ሳቄ መጣ። «ቲቸር መሳይ፣ እኔ እኮ ሁለቱን ስቻለሁ። ከእኔ ብትቀዳ ኖሮ ትስት ነበር» አልኩት።

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ታዲያ ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ከሪራ» አለች ዙሀይራ።

«ከሪራ!»

«አዎ። የኦሮሚኛው ቁቤ እኮ ፊደሉ ያው የእንግሊዝኛው ነው። የሰው ስም፣ የአገር ስም በቁቤ ጉዳ፣ በትልቁ ፊደል፣ እንደሚጀመር አንደኛ ክፍል ነው የተማርነው። የሰኞና ማክሰኞውን ደግሞ ከመጽሐፉ አነበብኩ።» ዓይኑ ውስጥ እያየች ቀጠለች። «ቲቸር፣ ሕጉ ደግሞ 'ስም' ብቻ ነው የሚለው። ካለፈ፣ ከወደቀ አይልም።»

እንግዲህ አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ይባላል። ይህ ሰው ከጎባ ወጥቶ ያየው አገር ቢኖር ለኮርስ የሄደበት ብቻ ነው። የፊደሉን ነገር ግን ከሎንዶን በፖስታ እንደተላከለት ንብረት ነበር የሚያየው። የሪራ ልጆች ገና ጥርስ ሲነቅሉ ጀምሮ ያንኑ ፊደል እንደሚጽፉበት አስቦትም አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ። «ውጪ!» አላት። እስከ ደወሉ ድረስ ጉሙ ውስጥ ቆመች፤ በመስኮት ጥላዋ ብቻ ይታየን ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው ልጅ ስም በዚያችው በጉንዳን እግሯ ዜድ ተጻፈ። «እስኪጣራ» አለ ቲቸር መሳይ። ማን እንደሚያጣራው ግን አልተናገረም።

ስንወጣ ተናደድኩላት። እሷ ግን የተናደደች አትመስልም፤ የምታስብ ነው የምትመስለው።

ከዚያ «ስለ መንደሬ» የሚል ድርሰት ጻፉ ተባልን። የዙሀይራን አንብቤዋለሁ፤ ከማስረከቧ በፊት አሳየችኝ። ሪራ በካፒታል፣ ሃረና በካፒታል፣ አላህ በካፒታል፣ ቅዳሜ በካፒታል፣ የታናሽ እህቷ የኢብቲሳም ስም በካፒታል። ቡሬ የሚባል ውሻ አላቸው፤ እሱም በካፒታል። መጨረሻው ላይ «አሁን የምማረው ጎባ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምረኝ ሰው መሳይ ይባላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ስም እሱ ብቻ ነበር።

«ዙሀይራ፣ ይገድልሻል» አልኳት።

«ለምን? ካፒታል ሌተር በልፋት ነው የሚገኘው ብሏል። እኔ ደግሞ ገና እያጣራሁ ነው።»

ድርሰቱን ባስረከብን ማግስት ቲቸር መሳይ ክፍል አልገባም። ቀጥታ ወደ ቢሮ ነው የሄደው። ዙሀይራ ወላጅ እንድታመጣ ተነገራት። እኔም ተጠራሁ፤ ምክንያቱም በእሱ እምነት የሪራ ልጅ ይህን የመሰለ ነገር ብቻዋን ልታስብ አትችልም። ንቀቱ ከቂሙ በለጠ፤ ተሰደብኩ እያለ እንኳ የስድቡን ባለቤትነት ሊሰጣት አልፈለገም።

ጋሽ ዘይነዲን በኢሱዙ ተሳፍሮ፣ ሳነቴን አቋርጦ መጣ። ቡሉኮውን እንደለበሰ፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ቢሮው በር ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ዙሀይራ ክንዱን ያዘችው። «ነጋ ቡልተኒ» ብሎ ሁሉንም እንደምን አደራችሁ አለ። አቶ ነገሪ ተነስቶ ጨበጠው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀው። ቲቸር መሳይ አልተነሳም። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ያይ ነበር።

አቶ ነገሪ ጉሮሮውን ጠረገና በስብሰባ ቋንቋ ጀመረ። ተማሪዋ ላይ የአመለካከት ችግር ታይቷል፤ ችግሩ በውይይት መፈታት አለበት፤ ወላጅም የበኩሉን ሚና መጫወት ይጠበቅበታል። ጋሽ ዘይነዲን በትዕግሥት አዳመጠና በኦሮሚኛ «ልጄ ምን አደረገች?» ሲል ጠየቀ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ ቲቸር መሳይ ወደ አቶ ነገሪ ዞሮ። «ይተርጎምልኝ።»

ጎባ ተወልዶ ጎባ ያደገ ሰው ነው! በገበያ ቀን ገብስ ሲገዛ፣ ስለ ዋጋ ሲከራከር፣ ሲራገም ሳይቀር በኦሮሚኛ እንደሆነ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ቋንቋው ጠፋበት። ጋሽ ዘይነዲን አልተቀየመም፤ በአማርኛ ደገመለት።

«ስሜን አዋረደችው» አለ ቲቸር መሳይ።

«አውዙ ቢላህ! ምን ብላ ሰደበችህ?»

«በስሞል ሌተር ጻፈችው።»

ጋሽ ዘይነዲን ልጁን አየ፣ አቶ ነገሪን አየ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ አሳዩኝ፣ ስድቡ የቱ ጋ ነው?»

ቲቸር መሳይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጣቱን አስቀመጠ። «ይኸውልህ። ይህ ትልቅ መሆን ነበረበት። የሰው ስም በትልቁ ፊደል ነው የሚጀመረው። በትንሹ ከተጻፈ ሰውየውን አሳነስከው ማለት ነው።»

እሱ «አንተ» ሲለው እኔ አፈርኩ። ጋሽ ዘይነዲን የእሱን አባት የሚያህል ሰው ነው። ጋሽ ዘይነዲን ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እውነት ከሆነ ነውር ነው» አለ። «ዙሀይራ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባዬ።»

«ለምን?»

ያኔ ነው ዙሀይራ ወደ እኔ ያየችው። እኔ ክፍል ሄጄ ዝርዝሩን ከግድግዳው ላይ ገንጥዬ አመጣሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ አቶ ነገሪ «ወዴት ነሽ?» ሲለኝ ደርሼ ተመልሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ከድርሰቱ ጎን አስቀመጥኩትና «ጋሽ ዘይነዲን፣ ይህ የዙሀይራ ስም ነው። ከጎኑ ያለው የእርስዎ ነው» አልኩት።

ጎንበስ አለ። የተጻፈውን ማንበብ አይችልም፤ ትልቅና ትንሽ ለመለየት ግን ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጣቱን አስጠግቶ ትንሿን ዜድ አያት። ከዚያ ከላይ ያለውን የእኔን ስም፣ ከታች ያለውን የሌላ ልጅ ስም አየ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

አቶ ነገሪ ወደ ቲቸር መሳይ አየ።

«መምህሩ ነው የጻፈው» አለች ዙሀይራ። «መጀመሪያ ስለወደቅኩ። ኋላ ደግሞ አንደኛ ስለወጣሁ።»

ጋሽ ዘይነዲን ቀና አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «መቃን ከን አባቲ» አለ። «ስም የአባት ነው። እሷ ስትወለድ በሰባተኛ ቀኗ በግ አርጄ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ዱዓ አስደርጌ ነው ይህን ስም ያወጣሁላት። አንተ ያኔ አልነበርክም። ላወድቃትም ላሳልፋትም እችላለሁ በል፤ እሱ ሥራህ ነው። ስሟን አሳንስ ብሎ ማን ሥልጣን ሰጠህ?»

ቲቸር መሳይ «ይህ የማስተማር ዘዴ ነው፣ እርስዎ አይገባዎትም» አለ። ልብ በሉልኝ፣ «እርስዎ» ማለት የጀመረው ሲጨንቀው ነው።

ጋሽ ዘይነዲን ወደ ልጁ ዞረ። «የሰው ስም ማሳነስ ነውር ነው ብለዋል፤ ልክ ናቸው። አንቺ ያበላሸሽውን አስተካክይ።»

ዙሀይራ ከጠረጴዛው ላይ የአቶ ነገሪን እስክሪብቶ አነሳች። ድርሰቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ኤም ሰረዘችና ከላይዋ ትልቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ኤም ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ቲቸር መሳይ ዘረጋችው። ዝርዝሩ ፊቱ ተዘርግቷል።

እዚህ ላይ አንድ ፊደል መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አንዲት ዜድ። ሦስት መስመር ናት፤ ለመጻፍ ትንፋሽ አትጨርስም። ግን ተነሳ፣ የኮቱን ቁልፍ አሁን ገና ዘጋ፣ «ከማር ቆራጭ አልማርም» ብሎ ወጣ።

አቶ ነገሪስ? አቶ ነገሪ በሩ ከተዘጋ በኋላ ጀግና ሆነ። «መምህሩ ትንሽ ስሜታዊ ነው፤ እንገመግመዋለን» አለ። ለዙሀይራ ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፤ «ለሚዛን» ነው አለን። ጋሽ ዘይነዲን ሚዛን ሲባል ሳቀ። የገበያ ሰው ነው፤ የሚሰርቅ ሚዛን ሲያይ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ቲቸር መሳይ ዝርዝር መለጠፉን ተወ። የዙሀይራንም ስም መጥራት ተወ። ስም ሲጠራ እሷ ጋ ሲደርስ ይዘላታል፤ ፊቱ ተቀምጣ «ቀሪ» ይሞላባታል። እሷ እጇን ታወጣለች፣ እሱ መስኮት መስኮት ያያል። ነገሩ ከዓመቱ ማብቂያ በፊት ከትምህርት ቤት እንደሚያስባርራት ሲገባት ጋሽ ዘይነዲን መጥቶ ወደ ሮቤ ወሰዳት። እዚያ አክስቷ ዙቤዳ ሱቅ አላት፤ እሷ ቤት ሆና ሌላ ትምህርት ቤት ገባች። ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ፕላዝማ መጣ። በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚያስተምር ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ሳይተነፍስ ያወራል። ለቲቸር መሳይ የቀረለት ሥራ ቁልፉን መጫንና መብራት ሲጠፋ ማዘን ነው። ቴሌቪዥኑ ያለው ፈጥኖብን «ምን አለ?» ብለን ስንጠይቀው፣ እሱም አልያዘው ኖሮ፣ «አዳምጡ!» ይለናል። አላዘንኩለትም። ውስጤ ሐዘን ፈልጌ ነበር፤ አጣሁት።

ዓመታት አለፉ። ዙሀይራ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሰብል ተማረች፤ ተመልሳ ሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ተቀጠረች፤ የስንዴ ዋግ ነው የምታጠናው። እኔ ሮቤ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጬ ከጀርባዬ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ቲቸር መሳይ ነው፣ ሸብቷል፣ ሰው ሰብስቧል።

«ያቺ የሲናናዋ ዙሀይራ ዘይነዲን የለችም? በእንግሊዝኛ የጻፈችው ጥናት ውጭ አገር ድረስ ታትሟል አሉ። እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳት! ከሪራ ስትመጣ ስሟን እንኳ በትክክል መጻፍ አትችልም ነበር። ካፒታል ሌተር ያስያዝኳት እኔ ነኝ!»

ዞሬ አየሁት። ለይቶኛል፤ ዓይኑ ለአፍታ ተቅበዘበዘ። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። «ይኸው ልደት ምስክሬ ናት!» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ እየሳቀ። ሰዎቹም አብረው ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «አዎ ምስክር ነኝ» አልኩ፤ «ስሟን እየዘለልክ 'ቀሪ' ስትሞላባት አጠገቧ ነበርኩ።» ሻዬን ትቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «ቀልደኛ ናት» ሲል ይሰማኛል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሲናና ሄጄ ለዙሀይራ ነገርኳት። ማሳ ውስጥ ናት፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የስንዴ ቅጠል ገልብጣ ዝገት የመሰለውን ነገር በአጉሊ መነጽር ታያለች። እኔ እየተንጨረጨርኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ድምፁን እያስመሰልኩ፣ እጄን እያወራጨሁ። ጨረስኩ።

ቀና አላለችም። ቅጠሉን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«የቱ መሳይ?» አለች።